ቅጂው በመቅደሱ፣ ዋናው በሙዚየሙ፤ የማርሴል ግሪዮል ሕይወትና የጎንደር አባ እንጦንስ ሥዕሎች

መግቢያ

በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ከሚገኙት የጥንታዊት ግብፅ ስብስቦች መካከል ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት ብዙም የማያልፍ ከ300 በላይ ሥዕሎች አሉ። እነዚህ ሥዕሎች በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቴብስ መቃብሮች ውስጥ የግድግዳ ሥዕሎችን እየገለበጡ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ያዘጋጇቸው ቅጂዎች ናቸው። ከባለሙያዎቹ መካከል ስሟ ጎልቶ የሚነሣው ኒና ዴቪስ (1881–1965) ናት። ከባልዋ ከኖርማን ዴቪስ (1865–1941) ጋር ለብዙ ዓመታት በመቃብሮቹ ውስጥ ተቀምጣ መሥመሩንና ቀለሙን፣ ብዙ ጊዜም የተፋቀውንና የተሰነጠቀውን ጭምር፣ እንዳለ ወደ ወረቀት አስተላልፋለች። የኑብያ ባላባቶች ለግብፅ እንደራሴ ግብር ሲያቀርቡ የሚታዩበት የሁይ መቃብር ሥዕልም በ1926 በታተመ መጽሐፍ ለተመራማሪዎች የደረሰው በእርሷ እጅ ነው።

የዚህ ሥራ መርሕ ግልጽ ነበር፤ ግድግዳው ባለበት ይቆያል፣ ቅጂው ወደ ሙዚየም ይሄዳል። መርሑ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ከነባሙን መቃብር ግድግዳ ተቆርጠው ለብሪቲሽ ሙዚየም የተሸጡት ሥዕሎች ዛሬም በሙዚየሙ ይታያሉ፤ መቃብሩ ግን የት እንደነበረ አይታወቅም።

በአገራችን የታየው ታሪክ የዴቪሶችን መርሕ የሚገለብጥ ነው። በ1932 በጎንደር አጠገብ በሚገኘው በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን፣ ዋናዎቹ ሥዕሎች ከመቅደሱ ግድግዳ ተነሥተው ወደ ፓሪስ ሲሄዱ፣ በቦታቸው አንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ የሣላቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ይህን ያደረገው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጉዞ መሪ ማርሴል ግሪዮል ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የግሪዮልን ሕይወት ከኢትዮጵያ ጋር በተገናኘበት በኩል በመከተል፣ አማርኛን የተማረና ለኢትዮጵያ የተከራከረ አንድ ምሁር ወደዚህ ድርጊት እንዴት እንደ ደረሰ ይመረምራል። በመጨረሻም ጉዳዩ ዛሬ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢው፣ ቅርስ ለሚመዘግብ ተመራማሪ ያለውን ትርጉም ያመለክታል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቡርጎኝ እስከ ጎጃም

ማርሴል ግሪዮል በ1898 በፈረንሳይ ቡርጎኝ አውራጃ ኤዚ ሲዩር አርማንሶን በተባለች ትንሽ መንደር ተወለደ። በ1917 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሳያበቃ በፈቃደኝነት ወደ ጦር ሠራዊቱ ገብቶ በመድፈኛነት፣ በኋላም በአየር ኃይል አገለገለ። ከጦርነቱ መልስ የሳበው ትምህርት የቋንቋና የሕዝቦች ባህል ጥናት ነበር። በፓሪስ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ገብቶ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቅ ከነበረው ከማርሴል ኮሄን ዘንድ አማርኛን ተማረ፤ የማርሴል ሞስን ትምህርቶችም ተከታተለ። በዘመኑ ስለ ኢትዮጵያ ይጽፉ ከነበሩት አውሮፓውያን መካከል ብዙዎቹ በአስተርጓሚ የሚተማመኑ መንገደኞች ስለነበሩ፣ የግሪዮል ዝግጅት ከእነርሱ የተሻለ ነበር።

በ1928 እና በ1929 ያደረገው የመጀመሪያ ጉዞ ወደ ጎጃም ነበር። ጎጃምን በዚያን ጊዜ የሚገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ግሪዮል በዚያ ቆይታው የሰበሰበው ቁሳቁስ በቀጣዮቹ ዓመታት ለታተሙ በርካታ ሥራዎች መሠረት ሆኖታል። በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒትና የአስማት መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ መልሶ አሳተመ። በ1933 በኢትዮጵያ በግድግዳ ላይ ስለሚጫሩ ሥዕሎች፣ በ1935 ደግሞ ስለ ኢትዮጵያውያን ጨዋታዎች ጥናቶችን አወጣ። የጎጃም ጉዞውን በትረካ መልክ የጻፈበት መጽሐፍ በ1934 ወጥቶ በፈረንሳይ ሰፊ አንባቢ አገኘ።

ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ስለ ግድግዳ ሥዕሎች የተጻፈው ለያዝነው ርእስ ልዩ ትርጉም አለው። ግሪዮል ያልተማረ እጅ በከሰል ወይም በስለት የጫረውን ሥዕል ሳይቀር ለጥናት የሚበቃ ማስረጃ አድርጎ ያየ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሥዕል ገልብጦና አትሞ ማጥናት እንደሚቻል፣ ለዚህም ግድግዳውን መንካት እንደማያስፈልግ፣ ራሱ በሥራው አሳይቷል። ስለዚህ በ1932 በጎንደር የወሰደው እርምጃ የሌላ ዘዴ እጥረት ያመጣው ነበር ማለት አይቻልም።

በፓሪስ የኢትዮጵያ ጥናቱን ያገዙት ኢትዮጵያውያን መኖራቸውም መዘንጋት የለበትም። ከእነርሱ አንዱ በዚያ ዘመን በፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርቱን ይከታተል የነበረው ሠዓሊ አገኘሁ እንግዳ ነው። የኢትዮጵያን ሥዕል በእጁ የሚያውቅ፣ የአውሮፓንም አሣሣል የተማረ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ለግሪዮል ሩቅ አልነበረም።

የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ

በመጋቢት 1931 የፈረንሳይ ምክር ቤት ለአንድ የጥናት ጉዞ ልዩ ሕግ አወጣ፤ 700,000 ፍራንክም ፈቀደ። ተጨማሪ ገንዘብ ለማሰባሰብ በሚያዝያ ወር የዓለም ሻምፒዮኑ ፓናማዊ ቦክሰኛ አል ብራውን በፓሪስ ግጥሚያ አደረገ። ጉዞው በግንቦት 1931 ከቦርዶ ወደብ ተነሥቶ ከዳካር ጀምሮ አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋረጠ፤ የተጠናቀቀውም በ1933 መጀመሪያ ነው። የጉዞው መሪ ግሪዮል ሲሆን ጸሐፊውና መዝገብ ያዡ ደራሲው ሚሼል ሌሪስ ነበር።

የጉዞው ዓላማ በአንድ በኩል የጥናት፣ በሌላ በኩል የሙዚየም ነበር። በፓሪስ የሚገኘው የትሮካዴሮ የሥነ ብሔረሰብ ሙዚየም ስብስቡን ለማደስና ለማስፋት በእነዚህ ሰዎች ላይ ተስፋ ጥሎ ነበር። ውጤቱም በቁጥር ሲታይ ከፍተኛ ነው፤ ከ3,000 በላይ ዕቃዎች፣ በሺሕ የሚቆጠሩ ፎቶግራፎችና የድምፅ ቅጂዎች፣ ከ300 በላይ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትና ክታቦች ወደ ፓሪስ ገቡ። አሰባሰቡ ግን ሁልጊዜ በፈቃድ የተፈጸመ አልነበረም። ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የዕለት ማስታወሻ፣ በመስከረም 1931 በዛሬዋ ማሊ ኬሜኒ በተባለ መንደር የአምልኮ ዕቃ በማስፈራራት እንደ ተወሰደ ሳይሸሽግ ጽፏል። ከጉዞው አባላት አንዱ የጻፈው ስለሆነ ምስክርነቱን በቀላሉ ማስተባበል አይቻልም።

ኢትዮጵያ ግን ከሌሎቹ አገሮች የተለየች ነበረች። ጉዞው ያለፈባቸው አብዛኞቹ አገሮች በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበሩ የግሪዮል ትእዛዝ የመንግሥት ትእዛዝ ያህል ይፈራ ነበር። ነጻ በነበረችው ኢትዮጵያ ግን ፈቃድ መጠየቅ፣ ከገዢዎችና ከካህናት ጋር መደራደር፣ ኬላ ላይ መፈተሽ ነበረ። ቡድኑ በመተማ በኩል ገብቶ ከሐምሌ 1932 መግቢያ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ በጎንደር ተቀመጠ፤ ማደሪያውም የኢጣልያ ቆንስላ ግቢ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴን ጉዞውን እንዲያግዙ መደባቸው፤ ሌሪስ በጎንደር ስለ ዛር ያደረገው የታወቀ ጥናት ያለ እርሳቸው ትርጉምና ማብራሪያ የሚሆን አልነበረም።

ወቅቱ ለጎንደር የተረጋጋ አልነበረም። የበጌምድሩ ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ በመጋቢት 1930 በአንቺም ጦርነት ከወደቁ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነበር። ራስ ኃይሉም በዚያው በ1932 ከጎጃም ግዛታቸው ተነሡ። የቀድሞዋ መናገሻ ከተማ የብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናቷ ጣሪያ አርጅቶ፣ ገቢያቸውም ሳስቶ ነበር። ግሪዮል የደረሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

የአባ እንጦንስ ሥዕሎች

አባ እንጦንስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ (1667–1682) እንደ ተሠራ ይነገራል። የመቅደሱ ግድግዳ በጎንደር ዘመን ሥዕሎች የተሸፈነ ነበር። ሥዕሎቹ እንዴት ሊነሡ እንደ ቻሉ ለመረዳት የአሠራራቸውን ዘዴ ማወቅ ያስፈልጋል። የቴብስ ሠዓሊ በተለሰነው ግድግዳ ላይ በቀጥታ ስለሚሥል፣ ሥዕሉን የሚወስድ ሰው ግድግዳውን መቁረጥ ግድ ይሆንበታል። የጎንደር ሠዓሊ ግን ብዙ ጊዜ የሚሥለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁም በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ይህ ዘዴ ሥዕሉን ከግድግዳው ርጥበት በመጠኑ ሲጠብቀው፣ ለመላጥና ለመጠቅለል ግን የተመቸ ያደርገዋል።

ግሪዮል ሥዕሎቹ በዝናብና በእርጅና እየጠፉ ስለሆነ መዳን አለባቸው የሚል ምክንያት ነበረው። ከካህናቱ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት አሮጌዎቹ ሥዕሎች ተነሥተው በአዲስ ይተካሉ። አዲሶቹን የመሣል ሥራ ለዚሁ ጉዳይ ጎንደር ላይ ቡድኑን ለተቀላቀለው ሠዓሊ ለጋስቶን ሉዊ ሩ (1904–1988) ተሰጠ። ሩ በፓሪስ የዘመናዊ ሥዕል አካባቢ ያደገ ወጣት ነበር። የመቅደሱን ሥዕሎች በሸራ ላይ ገለበጠ፤ ቅጂዎቹ በግድግዳው ላይ ተለጠፉ፤ 60 ካሬ ሜትር ያህል የሚሆነው ዋናው ሥዕል ተጠቅልሎ ለጉዞ ተዘጋጀ።

ሥራው በሰላም ብቻ አላለፈም። በከተማው ወሬ ተነሣ፤ በአገሬው ባለሥልጣናትና በጉዞው አባላት መካከልም ጥርጣሬ በረታ። የሌሪስ ማስታወሻ ከጎንደር መውጫ አካባቢ ያሉትን ቀናት የፍተሻ ሥጋትና ዕቃ የመደበቅ ቀናት አድርጎ ያሳያል። ሕጋዊነቱን የሚያምን ሰብሳቢ ዕቃውን ከፍተሻ የሚደብቅበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የስምምነቱን ምንነት በሚዛን ለማየት የሁለቱን ወገኖች አስተሳሰብ መለየት ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሥዕል መገልበጥ ነውር የለበትም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሮም በሕትመት የመጣው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ እመቤታችን ሥዕል በኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች እጅ ተባዝቶ የአገሩ መልክ ሆኗል። ኲርዓተ ርእሱ የተባለው የክርስቶስ ሥዕልም እንዲሁ በብዙ ቅጂዎች ይታወቃል። በዚህ አስተያየት ሥዕል የሚከበረው በሚወክለው ቅዱስና በሚቆምበት ቦታ ነው፤ ያረጀው በአዲስ ሲተካ አገልግሎቱ አይቋረጥም። ካህናቱ አዲስ ሥዕል መቀበላቸው ከዚህ ልማድ አንጻር የሚያስገርም አይደለም። ለሙዚየሙ ግን ዋጋ ያለው በተወሰነ ዘመን በተወሰነ እጅ የተሠራው ጨርቅና ቀለም ነው። ግሪዮል ሁለቱንም አስተሳሰብ ያውቅ ነበር። ካህናቱ ግን የፓሪስ ሙዚየም ለዚያ ጨርቅ የሚሰጠውን ዋጋ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ስምምነቱን ያጎደለው ይህ የዕውቀት አለመመጣጠን ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የቦታ ሥርዓት ነው። በጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት የመቅደስ ሥዕል እንደ ተገኘ የሚደረደር አይደለም፤ ፈረሰኞቹ ቅዱሳን፣ መላእክቱ፣ የጌታ ሕማምና የእመቤታችን ታሪክ እያንዳንዱ የተለመደ ወገን አለው። ምእመኑ ሲዞር ሥዕሉን በቅደም ተከተል ያነባል። ዋናው ሥዕል ከቦታው ሲነሣ ከመቅደሱ አቅጣጫ፣ ከበሮቹና ከቅዳሴው ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። በቦታው የቀረው ቅጂ አቅጣጫውን ቢይዝም የጥንቱን ሠዓሊ እጅ፣ የቀለሙን አሠራር፣ በጊዜ ብዛት የተጨመረውንና የታደሰውን ሁሉ አይመሰክርም። ጥናቱን በሙሉ ለማካሄድ አሁን ሁለት አህጉር መመላለስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ጉድለት ባለሙያውን ይመለከታል። ጎንደር የሠዓሊዎች አገር ናት። የመቅደስ ሥዕል ሲያረጅ የሚያድሱት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያደጉ የአገሬው ሠዓሊዎች ነበሩ። በአባ እንጦንስ ይህ ሰንሰለት ተሻገረ። የሩ ቅጂ የሣለውን ሰው ችሎታ ያሳይ ይሆናል፤ ከጎንደር የአሣሣል ትምህርት ግን አልተወለደም።

ከጎንደር በኋላ

ሥዕሎቹ ፓሪስ ሲደርሱ በትሮካዴሮ ለሕዝብ ታዩ። ሚኖቶር የተባለው የኪነ ጥበብ መጽሔት በ1933 ሁለተኛ ቁጥሩን በሙሉ ለጉዞው ሰጠ። በ1938 የሰው ሙዚየም ሲከፈት ስብስቡ ወደዚያ ተዛወረ፤ ዛሬ የሚገኘው በ2006 በተከፈተው በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው።

ግሪዮል ከዚህ በኋላም ኢትዮጵያን አልረሳም። በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ ለወረራ ስትዘጋጅና ኢትዮጵያን በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስትከስስ፣ በጄኔቫ ለኢትዮጵያ ልዑካን በአማካሪነት ሠራ። በ1936 ስለዚሁ ጉዳይ ኢትዮጵያን የሚደግፍ መጽሐፍ አሳተመ። ብዙ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ዝም ባሉበት ወይም ለወራሪው ባገዙበት ጊዜ ይህን ማድረጉ ከታሪኩ ሊፋቅ አይገባም። አገሪቱ ነጻነቷን ልትጠብቅ ይገባታል ብሎ የተከራከረውና የአንዱን ደብሯን ሥዕል ጠቅልሎ የወሰደው አንድ ሰው ነው። ሁለቱን ድርጊቶች በአንድ ሕይወት ውስጥ አብሮ ማየት የተመራማሪ ግዴታ ነው፤ አንዱን ለማጉላት ሌላውን መደበቅ የሕይወት ታሪክን ወደ ውዳሴ ወይም ወደ ክስ ያወርደዋል።

ቀሪው ዕድሜው በዋናነት ያለፈው በማሊ በዶጎን ሕዝብ ጥናት ነው። በ1938 ስለ ዶጎን ጭምብሎች ያቀረበው ሥራ የዶክትሬት ማዕረግ አስገኘለት፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያም በሶርቦን የመጀመሪያውን የኢትኖሎጂ መንበር ያዘ። በ1946 ኦጎቴሜሊ ከተባለ ዓይነ ስውር አዳኝ ሽማግሌ ጋር ለ33 ቀናት ያደረገው ውይይት በ1948 መጽሐፍ ሆኖ ወጥቶ ስሙን በዓለም አሳወቀ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች መጽሐፉን በጥብቅ ተችተውታል። ግሪዮል የመስክ ጥያቄን እንደ ዳኛ ምርመራ፣ ተናጋሪውንም እንደ ምስክር ያይ ስለነበር፣ ከትችቱ ብዙው የሚያተኩረው በዚህ ዘዴ ላይ ነው።

ግሪዮል በየካቲት 1956 በፓሪስ ዐረፈ። ዶጎኖች በሳንጋ የራሳቸውን የቀብር ሥርዓት አደረጉለት፤ ሥጋው በፈረንሳይ ስለ ነበረ በቦታው ልብሱን የለበሰ ምስል አቆሙ። ምስሉ የሟቹን ቦታ ተክቶ ሥርዓቱን አስፈጸመ። ለዶጎኖች ምስሉ በቂ የሆነው ቀብሩን ያዘዙትና የመሩት እነርሱ ራሳቸው ስለ ነበሩ ነው። በአባ እንጦንስ ግን ምን እንደሚሄድና ምን እንደሚቀር የወሰነው ከሩቅ የመጣው ወገን ነበር።

ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ተመራማሪ

ይህ ታሪክ ለአካባቢያችን ሩቅ አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው ኲርዓተ ርእሱ በ1868 የተወሰደው ከመቅደላ ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል የነበረው ሪቻርድ ሆምስ ለሙዚየሙ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እንዲመለስ ቢጠይቁም አልተመለሰም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ በእደ ማርያም በተሠራችው፣ በጥንቱ የአማራ ምድር በምትገኘው በአትሮንሰ ማርያም ደግሞ፣ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ሕፃኑን በግራ ክንድዋ የታቀፈች የእመቤታችንን ሥዕል ሥሎ ሕዝቡን እንዳስቆጣ ጀምስ ብሩስ ጽፏል። ዛሬ ያ ሥዕል የለም፤ ቅጂም አልተረፈም። ስለ ሥዕሉ የምናውቀው አንድ መንገደኛ የጻፈውን ያህል ነው።

እንግዲህ ሦስት ዕጣዎች ከፊታችን ተቀምጠዋል። በአትሮንሰ ማርያም ዋናውም ቅጂውም ጠፍተዋል። በአባ እንጦንስ ዋናው ከአገር ወጥቶ ቅጂው ቀርቷል። በቴብስ ግን ዋናው በቦታው ሆኖ ቅጂው ተጉዟል፤ መቃብሩ በተጎዳበት ስፍራም የዴቪሶች ቅጂ ዛሬ ምስክር ሆኖ ይቆማል። ከመካነ ሰላም እስከ ተድባበ ማርያም ባሉት ደብሮችና ገዳማት ለሚሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚመቸው አርአያ ሦስተኛው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት የካህናቱ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም የሥዕሉን ዋጋ በግልጽ ከማስረዳት ይጀምራል። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ሥዕል ቦታና አቅጣጫ መመዝገብ፣ በመለኪያና በቀለም ማነጻጸሪያ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የሚቻል ሲሆንም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ባደገ የአካባቢው ሠዓሊ እጅ ማስገልበጥ ይመጣል። የመዝገቡ አንድ ቅጂ በደብሩ ዕቃ ቤት መቀመጥ ይኖርበታል።

በ2018 ሴኔጋላዊው ፌልዊን ሳርና ፈረንሳዊቷ ቤኔዲክት ሳቮይ በፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ጥያቄ ያቀረቡት ጥናት በፈረንሳይ ሙዚየሞች ያሉ የአፍሪካ ቅርሶች የመመለስ ጉዳይ በይፋ እንዲታይ አድርጓል። የአባ እንጦንስ ሥዕሎች ጥያቄም ከዚህ ውጭ አይደለም። ክርክሩ በምንም ይቋጭ፣ አንድ ደብር ሥዕሉን የእኔ ነው ለማለት በእጁ የተጻፈ መዝገብ ያስፈልገዋል። በ1932 ዝርዝሩን፣ ፎቶግራፉንና ማስታወሻውን ይዘው የሄዱት ወሳጆቹ ነበሩ፤ በዚህም የተነሣ ስለ ጎንደር ደብር ሥዕሎች ለመጻፍ ዛሬም የፓሪስን መዝገብ ማገላበጥ ግድ ይሆናል። የቦረናና የሳይንት ደብሮች ሥዕሎች መዝገብ ከደብሮቹ ሳይርቅ እንዲጻፍ ማድረግ በዚህ ትውልድ ተመራማሪ እጅ ያለ ሥራ ነው።